ክር የገባባቸው መርፌዎች

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር፤ ሌሊቱን ሲያካፋ ያደረው ዝናብ አባርቷል፣ ሰማዩ ግን ገና አልጠራም።

ልብስ ሰፊዋ በረንዳው ላይ የተሰጣውን ገበር ጨርቅ ልታነሳ ስትወጣ፣ ከአጥሩ ሥር ካለው የጋራ ቧንቧ ዘንድ የጎረቤቷን ድምፅ ሰማች። «ምነው እማማ፣ ቤታችሁ ጭር አለሳ? እኔ እኮ መንጋቱን የማውቀው በእርስዎ ድምፅ ነበር። አመመዎት እንዴ?» ትላለች ጎረቤትየዋ። የልብስ ሰፊዋ አማት፣ «ምንም አልሆንኩ። የዘንድሮ ዕቅዴ ነው» አሉ። «ዕቅድ? በእርስዎ ዕድሜ? ምን ሊሆኑ ነው ደግሞ?» ጎረቤትየዋ ሳቀች። መልስ ይሰጡ አይስጡ አልታወቀም፤ ቧንቧው ተከፍቶ ባልዲው መንጎድጎድ ጀመረ። ልብስ ሰፊዋ ገበሩን ደረቷ ላይ እንደታቀፈች ቆመች። ጨርቁ ገና እርጥብ ነበር፤ ቅዝቃዜው ቀሚሷን ዘልቆ ቆዳዋን እስኪነካት ድረስ አላስተዋለችውም።

የአማቷን ዝምታ ያወቀችው ዛሬ አይደለም። አዲሱ ዓመት ከገባ ወዲህ ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ጎድሏል፤ ጉድለቱ ግን የሚጣፍጥ ስለነበር ምክንያቱን ለመጠየቅ አልቸኮለችም። አማቷ ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሲሰፉ ኖረው፣ ጉልበታቸው ፔዳል መርገጥ ሲያቅተው የስፌት መኪናውንም ወንበሩንም ለምራታቸው የለቀቁ ሴት ናቸው። ሥራውን ግን አልለቀቁም ነበር። መስኮቱ አጠገብ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ «ክሩን አላላሽው»፣ «ካውያው ፈጀው»፣ «ኧረ ኮሌታው ተንጋደደ ልጄ» ሲሉ ይውላሉ። በርጩማዋ አሁንም እዚያው ናት፤ እሳቸውም እዚያው ናቸው፤ የሌሉት ቃላቱ ብቻ ናቸው።

የዕቅዱን ነገር ያመጣው ባሏ ነበር። ባለፈው ዓመት የመጨረሻ ምሽት፣ ከሬዲዮ የሰማውን ይዞ፣ እያንዳንዱ ሰው ለአዲሱ ዓመት አንድ ነገር ብቻ ይምረጥ፣ ትንሽ ይሁን፣ ግን አይቋረጥ ብሎ አወጀ። እሱ ጠዋት ጠዋት ሊሮጥ ወሰነ። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያመላልስ ስለሚውል የራሱ እግር መሄድ ረስቷል። እሷ ቀጠሮ ልታከብር ወሰነች፤ ከእንግዲህ ማንም ደንበኛ «ነገ ብቅ በል» የሚል ቃል ከአፏ አይሰማም። ባሏ ይሄን ሲሰማ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «ልብስ ሰፊ? በቀጠሮው ቀን? ኧረ እቱ፣ ከዚህስ የኔ ሩጫ ይቀላል!» አማቷ ተራቸው ሲደርስ፣ «የኔን ስሠራው ታዩታላችሁ» ብለው ሳህኖቹን አነሱ። ማንም አልገፋፋቸውም። በእሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው የሚያሻሽለው ነገር ይኖረዋል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

ገበሩን ይዛ ስትገባ ባሏ ሻይውን ቆሞ እየጠጣ ነበር። የሩጫ ጫማው አልጋው ሥር ተቀምጧል፤ በውስጡ የተወተፈው ወረቀት ገና አልወጣም። «እማማ ምንድን ነው የያዙት ዕቅድ?» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እኔ ምኑን አውቄ። ጨው ቀንሳ ይሆናል።»

«ጨውማ አልቀነሱም።»

«እንግዲህ አንቺ ድረሽበት፤ አብረሻት የምትውዪው አንቺ ነሽ።» ቁልፉን ከኪሱ ፈልጎ አገኘና ዓይኗ ወዴት እንዳረፈ አየ። «ሰኞ እጀምራለሁ» አለ፣ ሳትጠይቀው።

«የትኛው ሰኞ?»

«ሰኞ ሰኞ ነው እንግዲህ! ስንት ዓይነት ሰኞ አለ?» እየሳቀ ወጣ፤ በሩ ከኋላው ሲዘጋ ክፍሉ ውስጥ ከሰዓቱ ድምፅ በቀር የቀረ አልነበረም።

የሥራ ክፍሉ የመኝታ ክፍሉ ወንድም ነው፤ የሚለያያቸው ከእንጨት የተሠራ ስስ ግድግዳ ነው። ረጅሙ ጠረጴዛ ግማሹን ቦታ ይወስዳል፤ መኪናው ከመስኮቱ ሥር ነው፤ የክር ጥቅሎች በግድግዳው ላይ በተመቱ ምስማሮች ላይ ተሰክተዋል። ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ቀይ ከፋይ ተዘርግቷል። የአንድ ስብሰባ አዳራሽ መጋረጃ ነው፤ የአዳራሹ ኃላፊ ነገ ጠዋት መሰላልና ሠራተኛ ይዞ ሊጠብቃት ተነጋግረዋል። እስከ ዛሬ የእጅጌና የኮሌታ ከፋይ እንጂ እንዲህ ያለ ትልቅ ሥራ በእጇ ገብቶ አያውቅም። ጨርቁ የጥቅሉ መጨረሻ ነው፤ ነጋዴው ይሄ ቀለም ከእንግዲህ አይመጣም ብሏታል። ከፋይ ደግሞ ስህተት አይሸሽግም፤ መርፌ የገባበት ቀዳዳ በእንፋሎትም በብሩሽም አይደፈንም። አንዴ ያለ ቦታው ከተሰፋ፣ ቢፈታም የስፌቱ ጠባሳ መሐል ለመሐል እንደተጋደመ ይቀራል።

አራት ረጃጅም ቁራጮች ናቸው። ሁለቱን ትናንት አጋጥማ ሰፍታለች። ዛሬ የቀሩትን ሁለቱን ማጋጠም ነበረባት፤ አንደኛው የላይኛው ጫፉ አካባቢ መዳፍ የሚያህል የዘይት እድፍ ስላለበት፣ ማታ መኝታዋ ላይ ሆና ስታስብበት መላ አገኘች። ጨርቁን ገልብጣ እድፍ ያለበትን ጫፍ ወደ ታች ብታደርገው፣ ቅምቅማቱ ውስጥ ታጥፎ ይቀራል፤ ማንም አያየውም። በዚህ ብልሃቷ ተደስታ ነበር የነቃችው። አሁን ሁለቱን ጨርቆች ፊት ለፊት አጋጥማ ስፒል መሰካት ጀመረች።

አማቷ ከቧንቧው ተመልሰው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ጨርቁን ከላይ እስከ ታች በዓይናቸው ለኩት። ከንፈራቸው ተከፈተ፤ ተዘጋ። ከዚያ ከጎናቸው ካለው ቆርቆሮ መርፌ አወጡ፤ ጥቁር ቀይ ክር በጥርሳቸው ቆርጠው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ቀዳዳው ውስጥ አስገቡ፤ መርፌውንም የመስኮቱ ደፍ ላይ ባለችው ትንሽ የመርፌ መሰኪያ ትራስ ላይ ሰኩት። ከአፍታ በኋላ ሌላ መርፌ አወጡ።

ልብስ ሰፊዋ ይሄን ልማድ አይታው ታውቃለች። ሊያግዟት መስሏት ነበር፤ የእጅ ስፌት ሲያጋጥማት ክር የገባበት መርፌ ተዘጋጅቶ እንድታገኝ። አንድ ጊዜ እንዲያውም «እግዜር ይስጥልኝ እማማ» ብላቸዋለች፤ እሳቸውም አንገታቸውን ነቅነቅ አደረጉ። ዛሬ ግን የቧንቧው ዳር ወሬ ጆሮዋ ውስጥ ስለነበር ትራሷን ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና አድርጋ አየቻት። ጃርት መስላለች። በየመርፌው ጭራ የክር ቀለም ተንጠልጥሏል፤ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ቡናማ። ይሄን ሁሉ መርፌ የሚጠይቅ የእጅ ስፌት በቤቱ ኖሮ አያውቅም።

ስፒል እየሰካች በዓይኗ ጠርዝ ትመለከት ጀመር። ሰማያዊው የተማሪዎቹ ቀሚስ ክር ነው። ያን ቀሚስ ዚፑን ሁለት ጊዜ ፈታ መልሳ ሰፍታዋለች። አረንጓዴው የዘበኛው ካፖርት ነው፤ እጅጌው ተጠማዞ ለእርማት የተመለሰባት። ነጩ ግን የነርሷ ጋዋን ነው፤ እሱ ምንም አልነበረበትም፤ ባለቤቷም ወዳው ነው የሄደችው። ታዲያ ለምን መርፌ አገኘ? ኪሱን በማዕዘኑ ላይ ክብ አድርጋው ነበር፤ አማቷ ደግሞ ማዕዘን ያለው ኪስ ይወዳሉ። ልብስ ሰፊዋ እጇ ውስጥ ያለውን ስፒል ረሳችው። የቀለሞቹ ቅደም ተከተል ከአዲሱ ዓመት ወዲህ በጠረጴዛዋ ላይ ያለፈው ሥራ ሁሉ ነበር።

ግምት ግን ግምት ነው። ልታረጋግጥ ፈለገች፤ የምታረጋግጥበትም መንገድ ወዲያው መጣላት፣ ሳቅም አብሮ መጣባት። በዚህ ቤት ውስጥ ሁለት መቀሶች አሉ። ያረጀው የወረቀት ነው፤ ምስማር ላይ ይሰቀላል። ትልቁ የጨርቅ ነው፤ እሱ ወረቀት ከነካ ስለቱ ይሞታልና፣ ድሮ አማቷ በዚህ ጉዳይ ልጃቸውንም እንግዳንም አይምሩም ነበር። ልብስ ሰፊዋ ትልቁን መቀስ አነሳች። ከጠረጴዛው ሥር አሮጌ ጋዜጣ ሳበች። አማቷ ፊት ለፊት ቆማ፣ ምንም እንዳላሰበች ሁሉ፣ ጋዜጣውን ከዳር እስከ ዳር በመቀሱ ቆረጠችው።

የወረቀቱ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። አማቷ ከበርጩማቸው ብድግ ሊሉ ዳዳቸው፤ አንገታቸው ላይ ያለው ሥር ተገተረ። እጃቸው ቆርቆሮውን አንኳኳ። መርፌ አወጡ፣ ክሩን ቆረጡ፣ ቀዳዳውን ሳቱት፣ እንደገና ሳቱት፤ በሦስተኛው አስገብተው ትራሷ ላይ እስከ ጭራው ወጉት።

ልብስ ሰፊዋ መቀሱን በቀስታ አስቀመጠች። የሳቀችው ውስጥ ለውስጥ ነበር፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ትራሷ ላይ ዛሬ ጠዋት ብቻ የተሰኩት ጥቁር ቀይ ክሮች ከቀሚሱም ከካፖርቱም ይበልጣሉ። ፊቷን ወደ ከፋዩ መለሰች። የሁለቱ ጨርቆች ጠርዝ ከላይ እስከ ታች በስፒል ተያይዟል፤ የቀረው መኪናው ሥር ማስገባት ብቻ ነው።

ብትጠይቃቸው ቀላል ነበር። ግን ለስንት ዓመት «ተዉኝ እስቲ እማማ» ስትል ኖራ፣ ዛሬ አፍ አውጥታ «ምን አጠፋሁ?» ማለት እንደ ሽንፈት ታያት። ስለዚህ በሌላ መንገድ ሞከረች። ስፒሎቹን በጣቷ እየነካች ከላይ ወደ ታች ሄደች፤ አማቷ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያሉ። መኪናው ላይ ያለውን ክር ጎተት አድርጋ ለቀቀችው፤ ምንም የለም። መዳፏን የመጀመሪያው ጨርቅ ላይ አሳረፈች፤ እጆቻቸው ጉልበታቸው ላይ እንደተጣጠፉ ናቸው። መዳፏ ወደ ሁለተኛው ጨርቅ ሲሻገር፣ ወደ ተገለበጠው፣ የአማቷ ጣቶች ተላወሱ። እጇን መለሰች፤ ጣቶቹ ዐረፉ። እጇን እንደገና ወደተገለበጠው ወሰደች፤ ጣቶቹ ወደ ቆርቆሮው ሄዱ። ሁለቱም ሴቶች አንዳቸው የአንዳቸውን ፊት አያዩም።

መዳፏን ጨርቁ ላይ ወደ ታች ሳበችው። የከፋዩ ጠጉር ተቃወማት፤ ከጭራዋ ወደ ራሷ የተዳበሰች ድመት ጀርባ ይመስል ነበር። በመጀመሪያው ጨርቅ ላይ ያንኑ አደረገች፤ መዳፏ ሳይያዝ ተንሸራተተ። ሁለቱንም ከጠረጴዛው አንስታ ከነስፒላቸው በሩ ላይ ጣለቻቸውና ወደ ኋላ ሄደች። ጠረጴዛው ላይ አንድ የነበረው ቀለም ሁለት ሆኗል። አንዱ ብርሃኑን ተቀብሎ ያበራል፤ የተገለበጠው ብርሃኑን ውጦ ጠቁሯል። አዳራሹ ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ መብራትና ሰው ፊት፣ ከሌላ ቤት የመጣ ቁራጭ መስሎ ይሰቀል ነበር።

ስፒሎቹን መንቀል ጀመረች። ጨርቁን ወደ ቦታው ስትመልሰው ግን እድፉ አብሮ ወደ ላይ ወጣ። ማንጠልጠያው ከሚሰፋበት በታች ነው፤ እጥፉ አይሸፍነውም። ከላይ ቆርጣ ብትጥለው ጨርቁ ያጥራል፤ ከታች ይጎድላል። የሚቀጠል ከፋይ የለም። ሰዓቱን አየች። አዳራሹ ውስጥ የሚቆመውን መሰላል አሰበች፤ ከዚያም በንግግሯ ሁሉ የሸሸችውን «ነገ ሳይሆን ከነገ ወዲያ» የሚለውን ቃል፣ እንዴት አድርጋ በስልክ እንደምትጀምረው አሰበች።

«እማማ» አለች በመጨረሻ፣ ፊቷን ሳታዞር። «እድፉን ምን ላድርገው?»

ስትዞር አማቷን እጃቸው ላይ ያለውን መርፌ ሳይሰኩ እንደያዙ አየቻቸው።

«ጠየቅሽኝ?» አሉ።

«አዎ ጠየቅኩዎት።»

«እንዲያው ለወጉ ነው ወይስ የእውነት?»

«ኧረ የእውነት ነው እማማ፤ ጨንቆኛል።»

አማቷ ረጅም ትንፋሽ ለቀቁ። «ሳልጠየቅ ላልናገር ነበር የያዝኩት። ጠያቂ ጠፍቶ ይሄው አፌ ሊሻግት ነው።»

«እና ጨርቁን ሳበላሸው ዝም ብለው ሊያዩኝ ነበር?»

«ምን ዝም አልኩ? መርፌ ስሰካ አይደል የዋልኩት! ከዚህ በላይ ምን ላድርግ፣ ደወል ልደውል?» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አፌን ሲበላኝ ክር አስገባለሁ። ቀዳዳውን ለማግኘት ትንፋሽ መያዝ ያስፈልጋል፤ ትንፋሹን የያዘ ሰው ደግሞ መናገር አይችልም። እንዲህ ነው የቻልኩት። በባዶ እጄማ ሁለት ቀንም አልዘልቅ።»

ልብስ ሰፊዋ ለምን እንዲህ ያለ ዕቅድ እንደያዙ ልትጠይቅ አስባ ነበር። አማቷ ቀደሟት፤ ወደ እንጨቱ ግድግዳ በአገጫቸው አመለከቱ። «ይሄ ነገር ስስ ነው። ለልጄ ስትነግሪው ሰማሁ። ‹እናትህ ሲያዩኝ እጄ ይንቀጠቀጥብኛል› አልሽ። የሚንቀጠቀጥ እጅ መቀስ መያዝ የለበትም፤ ያ ልክ ነው። ስለዚህ ተውኩ።» ቅሬታ አልነበረበትም፤ የጨርቅ ልክ እንደሚናገሩ ነበር የተናገሩት። ልብስ ሰፊዋ ያን ቃል የተናገረችው ሥራ ሲደራረብባት፣ በንዴት፣ ከአንድ ሌሊት በላይ ይኖራል ብላ ሳታስብ ነበር። እዚያ ግድግዳ ማዶ ግን አንድ ሰው ተቀብሎት፣ በየቀኑ እያነሳ፣ ልማድ አድርጎት ኖሯል።

አማቷ ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡ። እድፉን በአውራ ጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት። «አይለቅም። ከላይ ቆርጠሽ ጣይው።»

«ከታች ያጥራል እኮ።»

«ከታች የሚታጠፈውን ማን ያየዋል? ቅምቅማቱን ለምን ከከፋይ ትሠሪዋለሽ? ጠርዙ ላይ ገበር ቀጥዪና ገበሩን ወደ ውስጥ እጠፊው። ከፋዩ እስከ መሬት ይደርስልሻል። የሁሉንም እንደዚያው አድርጊ፤ አንዱ ብቻ ከሆነ አወዳደቁ ይለያል።»

ገበሩ በረንዳው ላይ የነበረው፣ ጠዋት እርጥብ የሆነባት ነው። በካውያ አደረቀችው። አማቷ ከፋዩን በሁለት እጃቸው ወጥረው ያዙላት፤ እሷ ቆረጠች። እድፍ ያለበት ቁራጭ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ማናቸውም አላዩትም። መኪናው መምታት ጀመረ፤ ከመኪናው ድምፅ በላይ ደግሞ የአማቷ ድምፅ ይሰማ ጀመር። መጀመሪያ ስለ ገበሩ ነበር። ከዚያ ስለ ክሩ። ከዚያ ወደ ዘበኛው ካፖርት ተመለሱ፤ እጅጌው ሲቆረጥ ጀምሮ ጠማማ እንደነበር፣ ያን ቀን መርፌውን ሲሰኩ ጣታቸውን እንደወጉት። ከካፖርቱ ወደ ነርሷ ጋዋን ኪስ አለፉ። «ክብ ኪስ! እስክሪብቶ በየት በኩል ሊቆም?»

«እማማ፣ እኔ እኮ የጠየቅኩዎት ስለ እድፉ ብቻ ነው!»

«አንዴ ከጠየቅሽ ጠየቅሽ ነው።»

ምሳቸውን ቆመው በሉ፤ ዳቦና የትናንት ወጥ። የአዳራሹ ኃላፊ ደውሎ፣ ለነገ ሠራተኛውን ይጥራ እንደሆነ ጠየቀ። ልብስ ሰፊዋ አማቷን አየቻቸው፤ አማቷ የቀረውን ስፌት በስንዝር ለክተው አንገታቸውን ነቀነቁ። «ይጥሩት» አለች በስልኩ። ከሰዓት በኋላ ደመናው ተገፎ ፀሐይ ወደ ክፍሉ ሲገባ፣ አራቱም ጨርቆች በሩና ቁምሳጥኑ ላይ ተንጠልጥለው ጠጉራቸው ባንድ አቅጣጫ ይወርድ ነበር። ቀለሙ አንድ ነው። ልብስ ሰፊዋ ወደ ኋላ ቆማ ደጋግማ አየችው፤ ዓይኗ ስህተት ሲፈልግ አላገኘም።

አማቷ ግን አገኙ። የላይኛው እጥፋት ሰፋ ብሏል አሉ። ልብስ ሰፊዋ አልሰፋም፣ የአዳራሹ ጣሪያ ረጅም ነው፣ ከሩቅ ሲታይ ጠባብ እጥፋት ይጠፋል አለች። አማቷ እጥፋት ከሩቅ የሚታየው በብዛቱ ነው አሉ። «አዳራሹን አይተውታል እርስዎ?» አለች። «አዳራሽ ማየት አያስፈልገኝም፤ መጋረጃ አውቃለሁ» አሉ። ሜትሩን አንዳቸው ባንዱ ጫፍ፣ አንዳቸው በሌላው ይዘው፣ አንዴ አጥብበው አንዴ አስፍተው ሲያጥፉ፣ ሲፈቱ፣ ሲያጥፉ መሸ። ጎረቤትየዋ በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ «እሰይ፣ እማማ ዳኑ!» ብላ ጮኸች። የሰማት የለም።

ሾፌሩ ከሥራ ሲገባ ድምፃቸውን ከበረንዳው ጀምሮ ሰማው። በሩን ገፋ ሲያደርገው ከፋዩ ፊቱ ላይ ወደቀበት፤ ገልጦት ገባ። ሚስቱ ወንበር ላይ ቆማ ነበር፤ እናቱ ከሥር ሆነው ወደ ላይ ይከራከራሉ። ሁለቱም ዞረው አላዩትም። ወደ ማድ ቤት አልፎ ሄዶ መብራቱን አበራ።

እራት አልተሠራም ነበር።